ደብተር ለሸፈነ 10 ማርክ?

ሰሚስተሩ ሊያልቅ ነው። ሮስተር የሚሞላበት፣ ካርድ የሚሰጥበት ሰሞን ላይ ነን። ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎችም ባብዛኛው ስለ ማርክ ናቸው። ዛሬ ሦስቱን አነሳለሁ። የመጀመሪያው ላይ ብዙ እቆያለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት ሒሳብ ሳስተምር እኔም የታገልኩት ከዚሁ ጋር ነው።

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደሴ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የ7ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ዘንድሮ የዲፓርትመንት ኃላፊ አድርገውኛል። እስካሁን ማርክ የምንይዘው እንዲህ ነው፦ የቤት ሥራ 10፣ ደብተር 10፣ የቡድን ሥራ 10፣ ኩዊዝ 15፣ ሚድ 15፣ ፋይናል 40። ለሚቀጥለው ሰሚስተር አዲስ አከፋፈል አምጪ ተብያለሁ። ግማሾቹ መምህራን ፋይናሉ 60 ይሁን ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ተከታታይ ምዘናው ካልበዛ ልጆቹ ይወድቃሉ፣ ወላጅም ይመጣብናል ይላሉ። ርዕሰ መምህሩ “ተስማምታችሁ አምጡ” ብለው ዝም አሉ። እኔ መሃል ላይ ቀረሁ። ስንት ስንት ቢሆን ይሻላል?

መልስ

እህቴ፣ ቁጥሩን ከመንገሬ በፊት አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ።

አሁን ባለው አከፋፈላችሁ የቤት ሥራ፣ ደብተርና የቡድን ሥራ ተደምረው 30 ይሆናሉ። ማርክ ሊስትሽን ግለጪና እነዚህን ሦስት ዓምዶች ወደ ታች አንብቢያቸው። እኔ በዘመኔ ያየኋቸው ማርክ ሊስቶች ላይ እነዚህ ዓምዶች ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ናቸው፤ 9፣ 10፣ 10፣ 9፣ 10። ደብተር የሌለው ልጅ የለም፣ የቤት ሥራ ከጓደኛ ይገለበጣል፣ የቡድን ሥራ ደግሞ ለአምስት ሰው አንድ ማርክ ነው።

ስለዚህ አንድ ልጅ ገና ፈተና ሳይነካ 29 ይዟል እንበል። ማለፊያው 50 ነው። ከቀረው 70 ውስጥ የሚፈለግበት 21 ብቻ ነው። 21 ከ70 ማለት 30 ከመቶ ነው። አሁን ደግሞ ኩዊዙም፣ ሚዱም፣ ፋይናሉም ምርጫ ናቸው እንበል። አራት ምርጫ ያለው ጥያቄ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያከብ ልጅ በአማካይ 25 ከመቶ ያገኛል፤ ከ70 ሲታሰብ 17.5 ነው። 29 ሲደመርበት 46.5። ጥያቄውን እንኳን ያላነበበ ልጅ ማለፊያው ደጃፍ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ጥቂት ጥያቄ በትክክል ያወቀ እንደሆነ ደግሞ አልፏል።

እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አስቢበት። ለባልደረቦችሽም ይህንኑ ስሌት ሰሌዳ ላይ ሥሪላቸው። በክርክር ከምታሳምኛቸው በቁጥሩ ታሳምኛቸዋለሽ።

አሁን ሁለት ልጆች እናወዳድር። ፊደል ስንቆጥር የምናውቃቸውን አበበንና ጫላን ልዋስ። አበበ የቤት ሥራ 10፣ ደብተር 10፣ የቡድን ሥራ 9 አገኘ። ኩዊዝ ከ15 6፣ ሚድ ከ15 6፣ ፋይናል ከ40 14። ድምሩ 55። ጫላ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እናቱን ሱቅ ላይ ስለሚያግዝ የቤት ሥራው ይጎድላል፣ ደብተሩም እዚህም እዚያም ቀርቶበታል፤ የቤት ሥራ 5፣ ደብተር 4፣ የቡድን ሥራ 8። ኩዊዝ 12፣ ሚድ 11፣ ፋይናል 29። ድምሩ 69። ካርዱ ላይ ልዩነታቸው 14 ብቻ ነው፤ ሁለቱም አልፈዋል። ፈተናውን ብቻ ብታዪው ግን አበበ ከ70 ያመጣው 26፣ ጫላ ደግሞ 52 ነው። አንዱ የሌላውን እጥፍ ያውቃል። ካርዱ ይህን ደብቆታል። የተጎዳው ጫላ ብቻ ነው እንዳትዪ። የበለጠ የተጎዳው አበበ ነው፤ እርዳታ እንደሚያስፈልገው የነገረው ሰው የለም።

ከዚህ የሚወጣ ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ መምህር ልብ አይለውም። ሁሉም ልጅ እኩል ያገኘው ማርክ ማንንም ከማንም አይለይም። ወረቀቱ ላይ ክብደቱ 30 ነው ይላል። በደረጃው ላይ ያለው ክብደት ግን ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። ማን አንደኛ፣ ማን አስረኛ እንደሚወጣ የሚወስኑት ማርካቸው የተራራቀባቸው ኩዊዝ፣ ሚድና ፋይናል ናቸው። “የፋይናሉ ጫና እንዲቀንስ ተከታታይ ምዘናውን እናብዛ” የሚሉት ባልደረቦችሽ ልባቸው ቀና ነው፤ ግን የሚያበዙት ሁሉም እኩል የሚያገኘውን ማርክ ከሆነ ጫናው አይቀንስም፣ እዚያው ፋይናሉ ላይ ተጠራቅሞ ይጠብቃል።

አንድ ልጅ ላስታውስሽ። ስሙን አልጠራም፤ ፊቱ ግን አሁንም አይጠፋኝም። 9ኛ ክፍል አዲስ የገባ ልጅ ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሰሌዳ አወጣሁትና አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛን ደምር አልኩት። ሳያመነታ ላይን ከላይ፣ ታችን ከታች ደመረና ሁለት አምስተኛ ብሎ ጻፈ። ጠመኔውን አስቀምጦ ደስ ብሎት ዞረ። በእረፍት ሰዓት ሬከርድ ቢሮ ሄጄ ይዞት የመጣውን የ8ኛ ክፍል ካርድ አወጣሁ። ሒሳብ 71 ይላል። ደብተሩን አየሁት፤ የሚያስቀና ደብተር ነው። በካኪ ወረቀት የተሸፈነ፣ ህዳጉ በቀይ የተሰመረ፣ ጽሕፈቱ የታተመ የሚመስል። ውስጡ ክፍልፋይ መደመር ከነምሳሌው ተገልብጦ ተቀምጧል። ልጁ ሰነፍ አልነበረም። የተጠየቀውን ሁሉ ያደረገ ልጅ ነው። የተጠየቀው ግን ደብተር መሸፈን ነበር። እኔም ራሴ በመጀመሪያዎቹ የማስተማር ዓመታቴ ለደብተር 10 እየሰጠሁ ስንቱን ልጅ እንዲህ እንዳሳለፍኩ ያን ቀን ነው የገባኝ።

እንግዲህ እያንዳንዱን ነገር ማርክ ከመስጠትሽ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቂ፤ ይህ ቁጥር ልጁ ሒሳብ ስለማወቁ ምን ይነግረኛል? ደብተር ስለ ንጽሕናውና ስለ ትጋቱ ይነግርሻል። ጥሩ ነገር ነው፣ ወላጅም ሊያውቀው ይገባል። ለሱ ግን ካርዱ ላይ ጠባይ የሚባል ቦታ አለ፤ አስተያየት የሚጻፍበትም መስመር አለ። እዚያ ጻፊው። ሒሳብ ከሚለው ፊት ለፊት የሚቀመጠው ቁጥር የሒሳብ ይሁን። በረበሸ ብሎ ከሒሳቡ 5 መቀነስም፣ ጨዋ ነው ብሎ 5 መጨመርም አንድ ናቸው።

ታዲያ ፋይናል 60 የሚሉት ልክ ናቸው? አይደሉም። አንድ ሰሚስተር ሙሉ የተማረውን ልጅ በአንድ ጠዋት መለካት ነው። ያን ቀን ወባ ይይዘው ይሆናል። ቤቱ ለቅሶ ሊሆን ይችላል። ስልሳው በአንድ ቀን ከሄደ መመለሻ የለውም። ከዚያም በላይ ፋይናል ላይ የታየ ስህተት አይታረምም። ልጁ ክፍልፋይ እንደማይችል ያወቅሽው ትምህርት ሲዘጋ ከሆነ ምን ልታደርጊለት ነው?

ተከታታይ ምዘና የመጣው ለዚህ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በየክፍሉ ተከታታይ ምዘና እንዲኖር ሲያስቀምጥ ሐሳቡ ማርክ ማጠራቀም አልነበረም። ልጁ የቱ ጋ እንደተያዘ መምህሩ በጊዜ እንዲያውቅና መልሶ እንዲያስተምረው ነው። በየትምህርት ቤቱ ሲደርስ ግን ተከታታይ ፈተና፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ተከታታይ ስጦታ ሆነ። ስጦታው መጨረሻው ደስ አይልም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ሲደረግ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱም፣ ኮሮናም፣ የመጽሐፍ እጥረቱም አለበት። ሁሉንም በማርክ አከፋፈል አላሳብብም። ግን እነዚያ ልጆች ሁሉ 12ኛ ክፍል የደረሱት በየዓመቱ “ተዛውሯል” የሚል ካርድ ይዘው ነው። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ካርዱ አለፍክ ሲላቸው ኖሮ በአንድ ሳምንት ሌላ ነገር ተነገራቸው። ይህ ያንገበግበኛል።

እሺ፣ ቁጥሩ። ለ7ኛ ክፍል ሒሳብ እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ፦ ኩዊዝ 20፣ ሚድ 20፣ በግል የሚሠራ ሥራ 15፣ የቤት ሥራ 5፣ ፋይናል 40። ደብተር ማርክ የለውም። የቤት ሥራ 5 የሆነው ልምምድ ስለሆነ ነው፤ ልምምድ ላይ መሳሳት ይፈቀዳል፣ የሚያዘው መሞከሩ ነው። የግል ሥራው ደግሞ ክፍል ውስጥ፣ ዓይንሽ እያየ የሚሠራ ይሁን። ቤት ወስዶ ይሥራ ካልሽው የምታርሚው የታላቅ ወንድሙን ሥራ ነው። ወይም ቤት ሠርቶ ይምጣና ሲያስረክብ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ያስረዳ፤ ይህን እንዴት አገኘኸው? ይህ ቁጥር ቢቀየርስ? ራሱ የሠራው ልጅ ይናገራል።

በዚህ አከፋፈል ጫላና አበበን መልሰሽ አስያቸው። በግል ሥራው አበበ ከ15 7፣ ጫላ 11 ያገኛሉ ብለን እንውሰድ። አበበ ወደ 42፣ ጫላ ወደ 73 ይመጣሉ። አበበ ወደቀ ብለሽ አትደንግጪ። እውነቱ ወጣ እንጂ አዲስ የጠፋ ነገር የለም። ኩዊዝሽን በየሦስት ሳምንቱ ከሰጠሽ ደግሞ የአበበን ችግር የምታውቂው በስድስተኛው ሳምንት ነው። ያኔ ገና ብዙ ጊዜ አለሽ። ቅዳሜ ጠዋት ማጠናከሪያ ማስገባት ትችያለሽ፣ ወላጁን መጥራት ትችያለሽ፣ ከጫላ ጎን ማስቀመጥም ትችያለሽ።

ይህ የሒሳብ ነው። የአማርኛና የእንግሊዝኛ መምህራን ለንግግርና ለንባብ ማርክ መያዝ አለባቸው፤ ቋንቋ በማክበብ ብቻ አይለካም። የታችኛው እርከን ልጆች ጋ ፋይናሉ ከ40ም ዝቅ ቢል እመርጣለሁ። የናንተዎቹ ግን በሚቀጥለው ዓመት ሚኒስትሪ ይጠብቃቸዋል፤ ሰፋ ያለ ፈተና ተቀምጦ መሥራትን ከአሁኑ ይልመዱ።

አሁን ደግሞ ሰው የማያነሳው ነገር። ኩዊዝ 20 አልን። ግን ኩዊዞቹ እንዴት ወደ 20 ይመጣሉ? አምስት ኩዊዝ ሰጥተሻል እንበል፦ አንዱ ከ10፣ አንዱ ከ8፣ አንዱ ከ15፣ አንዱ ከ20፣ አንዱ ከ5። አንዲት ልጅ በቅደም ተከተል 7፣ 4፣ 12፣ 9 እና 5 አመጣች። ሁሉንም ብትደምሪ ከ58 37 ነው፤ ወደ 20 ሲቀየር 12.8። እያንዳንዱን መጀመሪያ ወደ መቶ ቀይረሽ ብታማክዪው ግን 70፣ 50፣ 80፣ 45፣ 100 ሆኖ አማካዩ 69 ነው፤ ወደ 20 ሲቀየር 13.8። ዝቅተኛውን አንድ ኩዊዝ ልጣልላት ካልሽ ደግሞ አማካዩ 75፣ ከ20 15። ልጅቷ ያው ናት። ወረቀቶቹም ያው ናቸው። ማርኩ ግን 12.8፣ 13.8 ወይም 15 ሊሆን ይችላል። የ7ኛ «ሀ» መምህር በአንዱ፣ የ7ኛ «ለ» መምህር በሌላው ቢያስሉ በአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ሕግ ይሆናል። ዲፓርትመንቱ ተሰብስቦ መጀመሪያ መስማማት ያለበት እዚህ ላይ ነው። እኔ የምወደው መጀመሪያ ወደ መቶ መቀየሩን ነው። ዝም ብሎ ሲደመር ከ20 የተሰጠው ኩዊዝ ከ5ቱ ኩዊዝ አራት እጥፍ ይከብዳል፤ እንዲከብድ ግን ማንም አልወሰነም። ኩዊዞቹ አራትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ዝቅተኛውን መጣሉም ደግ ነው፤ ልጅ አንድ ቀን ይከፋዋል።

ዜሮስ? ፈተናው ቀን የቀረ ልጅ ዓምድ ላይ ዜሮ አትጻፊ። አራት ኩዊዝ ላይ 80፣ 80 ያመጣ ልጅ በአምስተኛው ቀርቶ ዜሮ ቢጻፍበት አማካዩ 64 ይሆናል። ያ ልጅ የ64 ልጅ አይደለም፤ የ80 ልጅ ነው፣ አንድ ቀን ቀርቷል። ቦታውን ክፍት ተዪውና ፈትኚው። ካልተቻለ በአራቱ አማክዪው። ዜሮ የሚጻፈው ተቀምጦ ምንም ላልሠራ ልጅ ነው። መቅረቱ ደግሞ ካርዱ ላይ የራሱ ቦታ አለው፤ ሁለት ጊዜ አይቀጣ።

ወላጅ ይመጣብናል ላሉት ባልደረቦችሽ፤ አዎ፣ ይመጣል። ስለዚህ ቀድማችሁ ንገሩት። አዲሱን አከፋፈል ሰሚስተሩ ሲጀመር በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ወደ ቤት ላኩ፣ ክፍል ግድግዳ ላይም ለጥፉት። ልጆቹ ራሳቸው “ከፋይናል በፊት ከ60 ስንት ይዣለሁ” ብለው ማስላት መቻል አለባቸው። ወላጅን የሚያስቆጣው ዝቅ ያለ ማርክ ብቻ አይደለም፤ በብዛት የሚያስቆጣው ድንገት መሆኑ ነው። አንዴ ከተለጠፈ በኋላ ደግሞ መሃል ላይ አትቀይሩት። ብዙ ልጅ ሊወድቅ ነው ተብሎ በመጨረሻው ሳምንት ፋይናሉን ከ40 ወደ 30 ማውረድ፣ 10ሩን በደብተር መሙላት፣ ይህ አይደረግ። ብዙ ልጅ ከወደቀ ትምህርቱ አልገባቸውም ማለት ነው፤ መልሳችሁ አስተምሩና መልሳችሁ ፈትኑ።

ጥያቄ

የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ ከአዳማ። የ5ኛ ክፍል ልጄ በመጀመሪያው ሰሚስተር 3ኛ ወጥታ ነበር። አማካይዋም 90.4 ነበር። በሁለተኛው 11ኛ ወጣች፤ አማካይዋ 89.1። በጣም ተቆጥቼ ቴሌቪዥን ከልክያታለሁ። እናቷ አበዛኸው ትለኛለች። ምን ይላሉ?

መልስ

ወንድሜ፣ እናቷ ልክ ናቸው። ካርዱን አሁን ያምጡትና ሁለቱን አማካዮች ጎን ለጎን ይዩአቸው። ልጅዎ የቀነሰችው 1.3 ነው። በየትምህርቱ አንድ ሁለት ነጥብ ብቻ ቢጎድል ይህን ያህል ይቀንሳል። ስምንት ደረጃ የወረደችው ብዙ ልጅ ከ88 እስከ 92 ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ተጣቦ ስለሚገኝ ይሆናል። እዚያ መሃል በነጥብ ስንት ሰው ይተላለፋል። ደረጃ ስለ ልጅዎ ብቻ አይናገርም፤ ሌሎቹ ልጆች ምን እንዳደረጉ ጭምር ነው የሚናገረው። እሷ ባለችበት ቆማ እነሱ ቢጎብዙ ደረጃዋ ይወርዳል። እሷ ብትደክምና ሌሎቹ የባሰ ቢደክሙ ደግሞ አንደኛ ትወጣለች፤ ያኔ ሊሸልሟት ነው?

አማካዩም ቢሆን የራሱ ነገር አለው። በብዙ ትምህርት ቤት ሁሉም የትምህርት ዓይነት እኩል ተደምሮ በቁጥራቸው ይካፈላል። በሳምንት ብዙ ክፍለ ጊዜ ያለው ሒሳብና ትንሽ ክፍለ ጊዜ ያለው ስፖርት አማካዩ ላይ እኩል ይከብዳሉ። ስለዚህ ታች የተጻፈውን ትተው ረድፍ በረድፍ ይመልከቱ። ሒሳብ ከ93 ወደ 78 ወርዶ ሥዕልና ስፖርት ከፍ ብለው ሸፍነውት ከሆነ አማካዩ ደህና ይመስላል፤ እዚያ ጋ ግን እውነተኛ ነገር አለ። በተቃራኒው ሁሉም በአንድ በአንድ ነጥብ ከቀነሱ ምንም የለም፤ ቴሌቪዥኑን ይክፈቱላት።

አንዱ ትምህርት በጣም ወርዶ ካገኙት መምህሩ ጋ ይሂዱ። “ለምን 78 ሰጠሃት?” ብለው አይጀምሩ። “የቱ ላይ ጎደለባት? ኩዊዙ ነው፣ የቤት ሥራው ነው ወይስ ፋይናሉ?” ይበሉ። ማርክ ሊስቱን ያሳይዎታል። ኩዊዝ ላይ ጥሩ ሆና ፋይናሉ ላይ ከወደቀች ነገሩ ፍርሃት ወይም ሰዓት አጠቃቀም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ላይ ዝቅ ካለች ምዕራፉ አልገባትም። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ ቴሌቪዥን መከልከል አንዱንም አይፈታም። ደግሞ ዛሬ ማታ ልጅቷን አጠገብዎ ያስቀምጡና 89 ጥሩ እንደሆነ በአፍዎ ይንገሯት። የ5ኛ ክፍል ልጅ ናት።

ጥያቄ

ሰላም ጋሼ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በየትምህርቱ የቡድን አሳይንመንት አለ፤ አንዳንዱ ከ15 ይያዛል። ስድስት ሆነን እንመደባለን፤ የምሠራው ግን እኔ ነኝ። አንዷ ልጅ ታግዘኛለች። ሌሎቹ የፕሪንት ብር ያዋጣሉ፣ ስማቸው ይጻፋል፣ ሁላችንም እኩል 14 እናገኛለን። ለመምህሩ ብናገር ደግሞ ከልጆቹ ጋር መጣላት ይመጣል። ምን ላድርግ?

መልስ

ልጄ፣ ተበድለሃል። እነሱም ቢሆኑ ተበድለዋል፤ 14 የያዙበትን ነገር አያውቁትም፣ ፈተናው ላይ ይመጣባቸዋል።

መጀመሪያ ሰው ሳትከስ ለመምህርህ ሐሳብ አቅርብለት። “ስናቀርብ ማን የቱን ክፍል እንደሚያስረዳ በዕጣ ይሁን” በለው። ይህ የማንንም ስም አያነሳም። ሁሉም ግን ሙሉውን ሥራ አንብቦ ካልመጣ ዕጣው ሲወጣበት ምን ሊል ነው? እኔ የቡድን ሥራ ስሰጥ ከ15ቱ 5ቱን ለቡድኑ፣ 10ሩን ለእያንዳንዱ የግል መልስ እይዝ ነበር። አሳይንመንቱን ባስረከቡ ማግስት ከዚያው ከሥራው ሦስት ጥያቄ አውጥቼ አሥር ደቂቃ በጽሑፍ እጠይቃቸዋለሁ። የሠራ ልጅ በአምስት ደቂቃ ይጨርሳል። ይህን ጽሑፍ ለመምህርህ ብታሳየው ደስ ይለኛል። መምህር ሁሉ ይህን የሚተወው ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ ስልሳ ሰባ ልጅ ያለበት ክፍል ላይ የስድስት ሰው ወረቀት ማረም ስለሚቀለው ነው። ሦስቱ ጥያቄ ግን ልጆቹ ወረቀት ተለዋውጠው እዚያው ሊታረም ይችላል።

እሱ እስኪሆን በእጅህ ያለውን አድርግ። ሥራው እንደተሰጣችሁ በዚያው ቀን ስድስታችሁ ቁጭ በሉና ክፍሉን ተከፋፈሉ። ማን ምን እንደወሰደ በአንድ ወረቀት ጻፉና ሁላችሁም ፈርሙበት። ስትጨርሱ ያንን ወረቀት የአሳይንመንቱ የመጨረሻ ገጽ አድርጋችሁ አያይዙት። ክፍሉን ያላመጣ ልጅ ካለ አንተ አትሥራለት። ቦታው ባዶ ሆኖ ከነርዕሱ ይግባ። መጀመሪያ ላይ ይከብድሃል፣ የቡድኑ ማርክም ትንሽ ሊነካ ይችላል። የምታግዝህን ልጅ ግን ቀድመህ አማክራት፤ ባዶ ገጽ ለማስገባት ሁለታችሁም መስማማት አለባችሁ።